ያመጣ፣ የያዘ፣ ያወጣ

በአንድ ወቅት፣ ሾላ በር በምትባል የገበያ ከተማ፣ አንድ መቀመጫ ለሦስት ሰው ሲጠብ ያየ ሰው ነበር። እሱ ለአንዱ ነገረ፣ አንዱ ለሌላው፣ ዞሮ ዞሮ ከእኔ ጆሮ ደረሰ። አሁን ደግሞ የእናንተ ተራ ነው። ግን ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ መጨረሻ ላይ ፍርድ እጠይቃለሁ። በኋላ «እኔ እኮ መሐል ላይ አንቀላፍቼ ነበር» የሚል ዳኛ አልወድም።

ሦስቱ የአንድ እናትና የአንድ አባት ልጆች ናቸው። ታላቁ ላቀው በእህል መጋዘን ጫኝና አውራጅ ነው፤ ኩንታል ሲያነሳ የተኛ ሕፃን የሚያነሳ ይመስላል። መካከለኛው ስንሻው «ደላላ ነኝ» ይላል፤ ምን እንደሚያሻሽጥ ግን እሱም በቅጡ አያውቀውም። አንድ ቀን በግ ነው፣ አንድ ቀን የሚከራይ ቤት፣ አንድ ቀን ወሬ ብቻ። የመጨረሻዋ አያልነሽ ናት። አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ላቀው የሚሸከመው ጆንያ ሲቀደድ መጋዘኑ ደጃፍ ተቀምጣ በጆንያ መርፌ የምትሰፋው እሷ ናት። ነገሩን በእሷ በኩል ነው የምነግራችሁ። አደላህ እንዳትሉኝ፤ ከሦስቱ ትንሽ የምታወራው እሷ ስለሆነች የሚናገርላት ሰው ያስፈልጋታል።

አባታቸው አቶ ገላዬ ደግና ሳቂታ ሰው ነበሩ። ገንዘብ እጃቸው የገባ ቀን ጎረቤት ይጠራል፣ ሥጋ ይገዛል፣ ቤቱ ይሞቃል። «ለነገ ነገ ያውቃል» ይሉ ነበር። ሚስታቸው ቀድመው ስለሞቱ «ኧረ ተው» የሚላቸው አልነበረም። አንድ ክረምት ታዲያ ሆዳቸውን አመማቸውና ተዝለፈለፉ። ሐኪም ቤቱ ሩቅ ነው። በስንት መከራ አንድ መኪና ተገኘ፤ ሾፌሩም ሒሳቡን አስቀድሙ አለ። ቤቱ ቢፈተሽ ቤሳ ቤስቲን የለም።

«ትናንት እኮ ነበረን» አለ ስንሻው፣ የአባቱን ኮት ኪስ እየገለበጠ።

እውነቱን ነው። ትናንት በግ ተሸጦ ነበር፤ ገንዘቡም እንደ ልማዱ ሰው ተጠርቶበት አለቀ። ሾፌሩ ሞተሩን አስነስቶ ሄደ። ላቀው አባቱን አዝሎ ተነሳ፤ ጎረቤት ቃሬዛ ይዞ ተከተለው፤ በዚያ ጭቃ እየተቀባበሉ ተሸከሟቸው። አቶ ገላዬ ግን ሐኪም ቤቱ ሳይደርሱ መንገድ ላይ አረፉ።

ከቀብር መልስ ላቀው ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ፣ «ጉልበቴ ቢፈጥን ኖሮ እንደርስ ነበር» አለ። ከዚያ ወዲያ የሁለት ሰው ሥራ ይሠራ ጀመር። ስንሻው ደግሞ፣ «ያ ሁሉ ሰው ባይሸከምልን ግማሽ መንገድም አንሄድም ነበር፤ ሀብት ማለት ሰው ነው» አለ። ከዚያ ወዲያ ያገኘውን ሁሉ ለሰው ይበትን ጀመር። አያልነሽ ጆሮ ውስጥ የቀረችው ግን ያቺው የስንሻው ቃል ናት፦ ትናንት እኮ ነበረን። ይህችን ቃል በዚህ ቤት ዳግመኛ አልሰማትም ብላ በልቧ ማለች። ሞቱ አንድ ነው፤ ሦስቱ ልጆች ግን የተማሩበት ለየቅል ሆነ።

አያልነሽ ገበያ ወርዳ፣ ቆርቆሮ የሚቀጠቅጠውን ሰውዬ ሳጥን አሠራችው። ቁልፉን ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ አሰረችው።

የላቀው ሒሳብ ቅዳሜ ቅዳሜ ነው የሚከፈለው። ላቀው ራሱን ያውቃል፤ ገንዘብ ማምጣት እንጂ ማሳደር አይሆንለትም። ጠላ ቤት ጎራ ካለ ለጠጣውም ላልጠጣውም ከፍሎ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ከመጋዘኑ በቀጥታ እህቱ ጋ ይመጣና መዳፉን ይዘረጋል።

«ያዢልኝ፤ እኔ ጋ ካደረ ጠዋት አናገኘውም።»

«ለራስህስ ወንድም ጋሼ?»

«የፈቀድሽውን።»

የአንድ ጣሳ ጠላ ሒሳብ ትሰጠዋለች። አንድ ጣሳ፤ ሁለት አይደለም። ያ ደረተ ሰፊ ሰውዬ እህቱ ፊት እንደ ተማሪ ቆሞ፣ ያቺን ተቀብሎ፣ እየሳቀ ይሄዳል።

ሕጓ አጭር ነበረች፤ መጀመሪያ ለሳጥኑ፣ የተረፈው ለሆድ። ለራሷም አታዝንም። የላስቲክ ጫማዋ ሲቀደድ በጆንያ ክር ሰፍታ ታደርገዋለች። ቦኖ ውኃ ልትቀዳ ስትሰለፍ እኩዮቿ አይምሯትም።

«አያልነሽ፣ ይኼ ጫማሽ ስንት ኩንታል ይይዛል?»

«ለሠርጋችሁ ቀሚስ ልታሰፉ የመጣችሁ ቀን እነግራችኋለሁ» ትላለች ጀሪካኗን እያነሳች።

ቆንቋና አሏት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሏት። ስቃ ታልፈው ነበር ብዬ አልዋሻችሁም፤ ይቆጠቁጣት ነበር። አዲስ ጫማ እሷም ትወዳለች፣ ማን ይጠላል! ግን ከጫማ የምትወደው ነገር ነበራት።

ከመጋዘኑ ትይዩ ባለው በረንዳ ላይ ጋሽ ሽፈራው የሚባሉ ልብስ ሰፊ ይቀመጣሉ። የሾላ በር ሰው ልብስ ሁሉ፣ ከክርስትና እስከ ሠርግ፣ በእሳቸው የስፌት መኪና ሥር አልፏል። አያልነሽ እጇ ጆንያው ላይ ነው፤ ዓይኗ ግን እዚያች መኪና ላይ ነው። እግራቸው ፔዳሉን ሲረግጥ የእሷም እግር መሬቱን ይረግጣል። ሥራ ሲቀዘቅዝ ትሻገርና ቁልፍ ትተክልላቸዋለች፣ ቅምቅማት ትይዝላቸዋለች። ጋሽ ሽፈራው የአባቷ ወዳጅ ነበሩ።

«የገላዬ ልጆች ሰው ናችሁ» አሏት አንድ ቀን። «እኔ እንግዲህ ዓይኔ እስከፈቀደልኝ ነው። እጄን የሰበሰብኩ ዕለት ይቺን መኪና ከነበረንዳው ቅድሚያ የምሸጠው ለእናንተ ቤት ነው። ዋጋዋን አዘጋጁ።»

በቃ። ልጅቷ ከዚያን ቀን ወዲህ ዓይኗ ሌላ አላየም። ለወንድሞቿ ነገረቻቸው፤ ሦስቱም ደስ አላቸው። ሳጥኑ ብቻውን ስለማያደርስ ዕቁብ እንግባ አለች። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ዋርካው ሥር የሚጣል ዕቁብ ነበር። ሦስቱ ሆነው አንድ ዕጣ ያዙ። ጸሐፊው እስክሪብቶውን አንስቶ «በማን ስም ልጻፈው?» አለ።

«በእኔ ነዋ፤ ላቡ የማን ሆነና!» አለ ላቀው።

«በእኔ ነው፤ እሁድ እሁድ ይዤ የምመጣው እኔ ነኝ» አለች አያልነሽ።

ስንሻው ሳቀና፣ «በአባባ ስም ይሁን፤ እሱ ከማንም አይጣላም» አለ። ሁሉም ሳቁ። ጸሐፊውም እየሳቀ «ገላዬ እንግዳ» ብሎ ጻፈ። የቀልድ ስም ነበረች፤ ቀልዱ በኋላ እስኪያልቅ ድረስ።

አንድ ቀን ከሰዓት አያልነሽ ከሥራ ስትመለስ የሳጥኑ ክዳን ከነማጠፊያው ተገንጥሎ መሬት ላይ ወድቋል። ሳጥኑ ባዶ ነው። ቁልፉ ግን አንገቷ ላይ እንዳለ ነው፤ ነካችው። ስንሻው ጓዳው በር ላይ ቆሟል፤ አልሸሸም።

«ስንሻው፣ ሳጥኑን ምን ነካው?»

«እኔ ነኝ የከፈትኩት።»

«ገንዘቡስ?»

«ሰው ሞተ።»

ክው አለች። «ማን ሞተብን?»

«የእኛ ሰው አይደለም።»

የሞተው የእትዬ ዘነቡ ባል ነው። እትዬ ዘነቡ ገበያ ላይ በርበሬ የምትሸጥ፣ ከቆላ በቅርብ የመጣች ሴት ናት። ለአገሩ አዲስ ስለሆኑ ዕድር አልገቡም። ሾላ በር ደግሞ ዕድር የሌለው ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክልለት የለም፣ መቃብር የሚቆፍርለት የለም። ሰው አልጨከነም፤ ግን «ዕድሩ ያዛል» እያለ እርስ በርሱ ይተያያል። ስንሻው ያን አየ። መገነዣ አቡጀዲ ገዛ፣ ድንኳን ተከራየ፣ ቆፋሪ ቀጠረ፣ ለቀስተኛ የሚቀምሰውን አዘዘ። ሁሉም ከሳጥኑ ነው።

«ለምን አልጠየቅኸኝም?»

«ሬሳው ዝናብ ላይ ወድቆ! እምቢ ብትይስ?»

«እምቢ እንደምል በምን አወቅህ?»

እሷ ራሷ ትፈቅድለት እንደነበረ እርግጠኛ አልነበረችም፤ ይበልጥ ያናደዳትም እሱ ነው።

«ገንዘቡ እኮ አልጠፋም፣ አያል» አለ ስንሻው ቀስ ብሎ። «ሰው ላይ ነው ያለው።»

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!» ብላ ጮኸችና እዚያው ሳጥኑ አጠገብ ተቀምጣ አለቀሰች። የተሰፋ ጫማ፣ የተዘለለ ምሳ፣ የቦኖው ሳቅ፣ ሁሉም እዚያ ሳጥን ውስጥ ነበር። ላቀው ገብቶ ነገሩን ሲሰማ ወንድሙን አንገቱን አነቀው። ያስጣለችው እሷ ናት።

«ተወው ወንድም ጋሼ፤ ብትመታው ሳጥኑ አይሞላም።»

በማግስቱ ሳጥኑን ተሸክማ ወደ ቆርቆሮ ቀጥቃጩ ሄደች። ከፊተኛው የጠነከረ ክዳን አስገጠመች። ከሰውዬው የተመለሰላትን ሳንቲም እዚያው ፊቱ በክዳኑ ቀዳዳ ጣለችው፤ ባዶ ሳጥን ውስጥ ሲወድቅ ድምፁ ይጮኻል። የዚያን እሁድ የዕቁቡን እንዴት እንዳሟላች አትጠይቁኝ። ሳምንቱን ሙሉ ቆሎ ስትበላ ያዩ አሉ። ዋርካው ሥር ግን በሰዓቷ ተገኘች።

ጊዜ ሄደ። እትዬ ዘነቡ ኀዘኗ በረድ ሲልላት በርበሬዋን ወደ መሸጥ ተመለሰች፤ እሷም ዕቁቡ ገባች። ሳጥኑ ቀስ በቀስ ድምፁ ወፈረ። ስንሻውም ሲያገኝ ያዋጣል፤ ሲያጣ ደግሞ ከሳጥኑ ፊት ዓይኑን ሰብሮ ያልፋል። የገላዬ ቤት ዕጣ ግን አልወጣ አለ። እንዲህ እንዳሉ ጋሽ ሽፈራው አያልነሽን ጠሩና ወንድሞችሽን ይዘሽ ነይ አሏት።

«ልጄ እሷ ዘንድ ጠርታኛለች» አሏቸው። «ዓይኔም መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት እምቢ ብሏል። የሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ እሄዳለሁ። አንድ ጨርቅ ነጋዴ ሙሉ ዋጋዋን ይዞ ቆሟል። ለገላዬ ቤት ግን ቃል አለብኝ፤ እስከዚያ ቅዳሜ ካመጣችሁ የእናንተ ናት።»

እሁድ ደረሰ። አያልነሽ ዋርካው ሥር ቁጭ ብላ ያላወቀችው ጸሎት የለም። የዕቁቡ ዳኛ ጋሽ ወንድምነህ ዕጣውን አወጡ።

«ዘነቡ ውብሸት!»

ዕልልታ ሆነ። አያልነሽ ነጠላዋን አጣፍታ ልትሄድ ተነሳች። ያኔ እትዬ ዘነቡ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ እጇን አወጣች።

«ዳኛ፣ ዕጣዬን ማስተላለፍ እችላለሁ?»

«መብትሽ ነው። ለማን?»

«ለዚህ ልጅ ቤት» አለች ስንሻውን እያሳየች። «ባሌን ያለ ዕድር የቀበረልኝ እሱ ነው። የእነሱ ሲወጣ ያኔ እወስዳለሁ።»

ያ የሳጥኑ ገንዘብ፣ ያለቀሰችለት፣ ዞሮ ዓይኗ ሥር ቆሟል። ስንሻው «አላልኩሽም?» አላለም። ምነው ባለኝ አለች በልቧ፣ ቢል ይቀልላት ነበር።

ዕጣውን ቀድሞ ለሚበላ ዋስ ያስፈልጋል፤ ደንብ ነው። ለወጣት ማን ዋስ ይሆናል ብሎ ሰው ሲንሾካሾክ ጋሽ ወንድምነህ ራሳቸው ተናገሩ። «የገላዬ ቤት ዝናብም ቢዘንብ ሰውም ቢሞት እሁድ አጓድሎ አያውቅም። ዋሱ እኔ ነኝ።» ይህን ሲሉ ያዩት አያልነሽን ነበር።

ዕጣውን ያዙ፣ ሳጥኑን ከፈቱ፣ ሁለቱን ደመሩ። ጎደለ።

«መቼ ነው የሚሄዱት?» አለ ላቀው።

«ቅዳሜ።»

«ይበቃል።»

ያን ሰሞን የሰሊጥ መኪኖች መጋዘኑ ደጃፍ ተሰልፈው ነበር። ላቀው የሁለት ሰው ተራ ያዘ፤ የደከመው ባልደረባው ሲቀመጥ የእሱንም ተራ ጨመረ። አያልነሽ ጆንያ መስፋቱን ትታ አጠገቡ ቆመች።

«ወንድም ጋሼ፣ ሰው ነህ እኮ! ተው!»

«አባባን ተሸክሜ አላደረስኩም» አለ ላቡን በክንዱ እየጠረገ። «ይኼን ግን አደርሳለሁ።»

ዓርብ ከሰዓት፣ የመጨረሻው መኪና ላይ፣ የሚረግጠው ሳንቃ ሸርተት አለበት። ኩንታሉ ጀርባው ላይ እንዳለ ወደቀ። ሰዎች ሲያነሱት ያለው «ሒሳቤን ተቀበሉልኝ» ብቻ ነው። ወጌሻው አሹት፣ ጨመቁት፣ ወገቡን አሰሩለት፤ ከዚያም እጃቸውን እየታጠቡ፣ «ትድናለህ ልጄ። ተቀምጠህ ትሠራለህ፣ ቆመህ ትሄዳለህ። ሸክም ግን ከዛሬ ጀምሮ እርምህ ነው» አሉት። የጎደለው ገንዘብ ግን ሞልቶ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስቱም በረንዳው ላይ ተገኙ፤ ላቀው በዱላ። ዋርካው ሥር የሚሰበሰበው ሰው በሙሉ መጥቷል። ጋሽ ሽፈራው ገንዘቡን ተቀብለው ባረኩና፣ «እንግዲህ ለማን ላስረክብ?» አሉ።

ጸሐፊው የዕቁቡን መዝገብ ገለጠ። «ገላዬ እንግዳ ነው የሚለው።»

«ገላዬ ይምጣና ይረከብ ልበል?» አሉ ጋሽ ወንድምነህ። ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ ቀረ።

«ለሦስታችን ይሁና» አለ ላቀው።

«ዋስ የሚገባው ለአንድ ሰው ነው» አሉ ዳኛው። «የቀረውን እሁድ ሁሉ ማን እንደሚከፍል ማወቅ አለብኝ። የሦስት ሰው ዕዳ የማንም ዕዳ ነው። አንድ ስም ስጡኝ።»

ጋሽ ሽፈራውም ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ በወጣትነቴ ከባልንጀራዬ ጋር በጋራ ገዝቼ ነበር። የሁለታችን ስትሆን ዘይት የሚቀባት ጠፋ፤ ዝጎ ቀረች። ያቺም መኪና ሄደች፣ ባልንጀራዬም ሄደ። ለአንድ ሰው ነው የምሰጠው።»

መጀመሪያ የተናገረው ላቀው ነው፤ በዱላው ተደግፎ። «እኔ ጮሌ አይደለሁም፤ አጭር ነው የምናገረው። ሳጥኑ ውስጥ የገባው፣ ለቀብሩ የወጣው፣ ዕቁቡ ላይ የተጣለው፣ አብዛኛው ከጀርባዬ የወጣ ነው። አሁን ያ ጀርባ የለም። ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ የሾላ በር ሰው ለእኔ ሌላ አለው? እሱን ንገሩኝ።»



ስንሻው ቀጠለ፤ የዚያን ቀን እሱም አልሳቀም። «ሰው አልባሌ ይለኛል፣ አውቃለሁ። ግን እትዬ ዘነቡ ዕጣዋን ለሳጥን አልሰጠችም፤ ለጀርባም አልሰጠችም። ለእኔ ነው የሰጠችው፣ እዚሁ ቆማለች ጠይቋት። ያ ገንዘብ ሳጥን ውስጥ ተኝቶ ቢሆን ዛሬም ያው ገንዘብ ነበር፤ መኪናዋም ዛሬ የጨርቅ ነጋዴው ነበረች። አንድ ጊዜ የራሴ ሥራ ቢኖረኝ ሰው መሆኔን ታዩ ነበር።»

እትዬ ዘነቡ እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ፣ «ለእሱ ነው የሰጠሁት» አለች። «የማን ገንዘብ እንደነበረ ግን ያኔ አላወቅሁም።»

አያልነሽ ተነሳች። ድምፅዋ ቀጥ ያለ ነው።

«ወንድም ጋሼ፣ ላብህ ላብ ነው። ባልይዝልህ ግን ጠላ ቤት ነበር የሚቀረው፤ አንተው ነህ ያልከኝ። ስንሻው፣ ድንኳኑን የተከልክ አንተ ነህ፤ የተራብኩበት ግን እኔ ነኝ። ከራሱ ላይ የሚሰጥ ደግ ነው፤ ከሰው ላይ የሚሰጥስ ማነው? እኔ ያቺን መኪና በእግሬ ሳልነካት ለምጃታለሁ። ስጡኝ ብዬ አለምንም። ትናንት እኮ ነበረን ማለት ከዚህ ቤት እንዲወጣ ያደረግሁ እኔ ነኝ፤ የእኔ ናት ነው የምለው።»

ስትጨርስ ላቀውን አየችው። እሱ ወገቡን ይዞ መሬቱን ያያል። ያን ስታይ ልቧ ተቆረሰ፤ ቃሏን ግን አልመለሰችም።

እንግዲህ አውቃችኋለሁ። «መኪናዋ ላይ የተቀመጠው ሌሎቹን ያብላ» ልትሉኝ ነው። ማብላት የባለቤት ፈንታ ነው፤ እኔ የምጠይቀው ባለቤቱን ነው። ይህን ነገር ጫኝና አውራጆች መሐል ስናገር ዱላ ይዘው ሊነሱብኝ ደርሰው ነበር፤ ለላቀው ነው፣ ምን ጥያቄ አለው አሉ። አንድ ለቅሶ ቤት ስናገረው ድንኳኑ ሙሉ ለስንሻው ፈረደ። ቦኖ ጋ የተሰለፉ ሴቶች ደግሞ ጀሪካናቸውን ትተው ለአያልነሽ ጮኹ፤ ከእነሱ አንዷ፣ በኋላ እንደሰማሁት፣ ቤቷ ውስጥ ቁልፉ በማተብ የታሰረ ሳጥን አላት። ሁሉም የፈረደው ለራሱ ነው። እናንተ እንኳ እንዲህ አታድርጉብኝ።

የዚያን ቀን በረንዳው ላይ የተሰበሰቡት ሽማግሌዎች ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ እዚያ ሆነው ሲከራከሩ፣ ጋሽ ሽፈራው የሰውን ጫጫታ ትተው ወደ መኪናዋ ዞሩ። በርጩማዋን አራገፉ፣ መዘውሯን በመዳፋቸው አሻሹ። ከዚያ ነጭ ክር ከኪሳቸው አውጥተው ወደ መርፌው ቀዳዳ ቢያስጠጉ አልሆነላቸውም፤ ደግመው ቢሞክሩ ክሩ ታጠፈ።

«ዓይኔ እምቢ አለ» አሉ፣ ቀና ሳይሉ። «ይኼን ክር ማን ያስገባልኝ? ያስገባው ሰው ይቀመጥ።»

ሦስት እጅ ባንድ ጊዜ ተዘረጋ። አንዱ ኩንታል ያሻከረው፣ ከእንግዲህ የማይሸከም ትልቅ እጅ ነው። አንዱ የሰው እጅ ሲጨብጥ የኖረ፣ ለራሱ ምንም ያልያዘ እጅ ነው። አንዱ የጆንያ መርፌ አውራ ጣቱን የበሳሳው የአያልነሽ ነው፤ እሱ ከሁለቱ ትንሽ ቀድሞ ደርሷል፣ ግን ጋሽ ሽፈራው ስለማያዩ ክሩን ገና አልለቀቁም።

ክሩ አንድ ነው፣ በርጩማዋም አንድ ናት። ያመጣውም ቆሟል፣ የያዘችውም ቆማለች፣ ያወጣውም ቆሟል። እናንተ የጋሽ ሽፈራው ዓይን ብትሆኑ ክሩን ለማን ታቀብሉ ነበር? ደግሞስ ለቀሩት ሁለት ፊታቸውን እያያችሁ ምን ትሏቸዋላችሁ?